ዋጋዋን የሚጠይቅ ያጣች ቤት

ቅዳሜ ንጋት፣ ኮምቦልቻ

ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ ተነሣን። ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ሰይድ በሩን እየደበደበ አላስተኛ ብሎኝ ነው። «እትዬ ሙሉ፣ ረፈደ» ይለኛል። የሰፈሩ ውሻ እንኳ አልነቃም።

ሰይድ የብረት ሠራተኛ ነው። ብዙ ዓመት የግቢ በርና መስኮት ሲበይድ ኖሮ፣ በቅርቡ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባና አልወጣ አለው። ካራቫን። መኪና ኋላ ተሰክቶ የሚጎተት፣ አልጋ፣ ኩሽና፣ መስኮትና መጋረጃ ያለው ቤት። ሐይቅ ዳር ወጥቶ ማደር የሚወድ ሁሉ ይገዛልኛል ብሎ አመነ። እኔ ቤቴ ውስጥ እንኳ ከለመድኩት አልጋ ሌላ ላይ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ፤ ግን ማን ጠየቀኝ።

አሁን ሦስት ዓይነት ሠርቷል። በአገራችን ሐይቆችና ተራራ ስም ትንሿን አርዲቦ፣ መካከለኛዋን ሐይቅ፣ ትልቋን አምባሰል ብሏቸዋል። ሁለቱ ትናንት ሄደዋል። ዛሬ አምባሰልን አስከትለን ሐይቅ ከተማ ወደተከፈተው የንግድ ባዛር እንወጣለን። የኔ ሥራ መጻፍ ነው። «የጎብኚውን አስተያየት እየተቀበልሽ ጋዜጣሽ ላይ ታወጪልኛለሽ» ብሎኛል። ለዝምድና ስል እሺ አልኩ፤ ዓሣ ጥብሱንም አስቤ ነው፣ አልዋሽም።

ሚስቱ ዘሀራ ካራቫኗን በሚጎትተው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣለች። ፊቷ አልተፈታም። እሷ ለካራቫን ያላት አስተያየት አጭር ነው፤ «በር ያበላል። በር የማያስፈልገው ሰው የለም። ቤት ጎትቼ ልሂድ የሚል ሰው ግን እስኪ አሳዩኝ።» በዚህ ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ተስማምተዋል። በዚህ ባዛር አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይሠራልኝ ብሎ ካዘዘ ሰይድ ካራቫኑን ይቀጥላል። ካልሆነ ሰኞ የዘሀራ ወንድም ጋ ሄዶ በር ሲበይድ ይውላል። ሰይድ በር መሥራት አይወድም፤ የዘሀራን ወንድምም አይወደውም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስባቸው አንጀቴን በላኝ።

ጋቢናው ስለሞላ ሰይድ ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው። ዓይኑን ከካራቫኗ ላይ አይነቅልም፤ ብታመልጥ ዘሎ የሚይዛት ይመስል።

ሐረጎ ዳገት፣ ከዚያ ደሴ

ሾፌራችን ይማም ሜዳ ላይ ዝም ያለ ሰው ነው። ዳገት ሲጀምር ግን በአምባሰል ቅኝት ማንጎራጎር ይጀምራል፤ ማርሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፁም አብሮ ይቀንሳል። ሐረጎ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ሲያንጫጫ እሱ ጭራሽ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል።

«ይማም፣ ሌላ ቅኝት አታውቅም?» አልኩት።

«ባቲም አውቃለሁ እትዬ። ባቲ ግን ለቁልቁለት ነው።»

ደሴ ቁርስ በላን። ፉል፣ እንቁላል፣ ትኩስ ዳቦ። ሰይድ አልበላም። ሻዩን እንደያዘ በመስኮት ካራቫኗን ያያል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይነካካታል፤ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ጎኗን ኳ ኳ አድርገው መልስ ጠበቁ። መልስ ሲያጡ ሄዱ።

ከደሴ መውጫ፣ ኬላ

አስቆሙን። ወጣቱ ፖሊስ ካራቫኗን አንድ ዙር ዞራት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቤት ነው» አለ ሰይድ ከላይ ሆኖ፣ በኩራት። እኔ በልቤ ተሳቢ በል፣ ተሳቢ በል እላለሁ።

«ቤት ከሆነ ካርታው የታለ?»

«መሬት ላይ አልተሠራም እኮ፤ ካርታ ከየት ይመጣል?»

«መኪና ነዋ። ሊብሬውስ?»

«ሞተር የለውማ።»

ፖሊሱ ቆቡን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አከከ። ከዚያ ልየው ብሎ ገባ። ቆየ። በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፍራሹን እየተጫነ ይሞክራል። ሲወጣ ፊቱ ለስልሷል። «አልጋው ምቹ ነው» አለ። «በሉ ሂዱ፤ ግን ለሚቀጥለው ወይ ቤት ወይ መኪና ሁኑ።» ማስታወሻዬን አውጥቼ የመጀመሪያውን የጎብኚ አስተያየት ጻፍኩ።

ሐይቅ ከተማ፣ ረፋድ

ሐይቁ ከከተማው ጎን ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። የዓሣ ጥብስ ሽታ ከመኪናው ሳልወርድ ተቀበለኝ። የባዛሩ ሜዳ በድንኳን ተሞልቷል፤ ሞንታርቦው ስለ ሳሙና ይጮኻል። ከግራችን ፍራሽ ሻጭ፣ ከቀኛችን ባልዲና ጀሪካን የደረደረ ነጋዴ። ሰይድ ሦስቱን ካራቫኖች በተርታ አቆመና ያሳተመውን ባነር ሰቀለ። ትልልቅ አረንጓዴ ፊደል ነው፦ ቤታችሁ ነው፣ ግቡ።

«ዋጋውስ?» አልኩት።

«ዋጋ አይለጠፍም እትዬ። አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ላይ ያየሁት ነው። ሰው ገብቶ ያያል፣ ይወዳል፣ ከዚያ ስንት ነው ይላል። ስንት ነው ካለ ግማሹን ገዝቷል ማለት ነው። ጎብኚ አምስት ደቂቃ ገብቶ ይወጣል፤ ሌላው ይገባል።»

ነገሩ ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ላይ።

የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። አያ እንድሪስ ረዘም ያሉ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ፋጤ ሚስታቸው ዘንቢል አንጠልጥለዋል። ባነሩን አስነበቡ። ተያዩ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ግቡ አባቴ፣ ግቡ፤ ቤታችሁ ነው» አለ ሰይድ።

ጫማቸውን አወለቁ። በረድፍ ደጃፉ ላይ አኖሩት። ገቡና አያ እንድሪስ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ የሰላም ቤት ያድርግልህ። እንግዳ የማይታጣበት፣ የሚበላበት የሚጠጣበት ያድርገው።» አሚን አልን። የምንለው ሌላ ነገር አልነበረም። ከዚያ ተቀመጡ። መቀመጥ ስላችሁ ለመነሣት የተቀመጠ ሰው አቀማመጥ አይደለም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ትራሱን ወደ ጀርባቸው ስበው ነው።

ዘሀራ ስለ ካራቫን የፈለገችውን ታስብ እንጂ፣ እንግዳ ፊቷ ደረቅ አፉን ሲቀመጥ ማየት አትችልም። ለማሳያ የተቀመጠውን የጋዝ ምድጃ ለኮሰች፣ ለማሳያ በተቀመጡት ብርጭቆዎች ሻይ ቀዳች፣ ፍራሽ ሻጩን ልካ ዳቦ አስመጣች። ሻዩ ተጠጣ። የዝናቡ ነገር ተወራ፣ የማሽላው ነገር ተወራ፣ የሰይድ አያት ማን እንደነበሩ ተጣርቶ በአራተኛ ቤት ዘመድ ሆኑ። ውጭ ሰልፉ ረዘመ።

ሲወጡ እፎይ አልኩ። ለካ አልጨረሱም። እትዬ ፋጤ ገበያ ደርሰው ዘንቢላቸውን እንቁላል ሞልተው ተመለሱ። «አዲስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ሳናውቅ ገብተን አፈርን» አሉ። ቁም ሳጥን መስሏቸው የሽንት ቤቱን በር ከፍተው፣ እንቁላሉን ከነዘንቢሉ መቀመጫው ላይ በጥንቃቄ አኖሩት። ማንም ሊነግራቸው አልደፈረም።

ይህን ሁሉ ሰልፈኛው አይቷል። ከዚያ በኋላ ባዶ እጁን የገባ ሰው አላየሁም። ስኳር መጣ፣ ሽንኩርት መጣ፣ አንዲት ዶሮ መጥታ መጎተቻው ብረት ላይ ታሰረች። የገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል፣ ይመርቃል፣ ይቀመጣል። ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ያችን ስንት ነው የምትለዋን ቃል ይጠብቃል። የሚሰማው አሚን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚያው

ዓሣዬን ቆሜ በላሁ። ጥርት ያለ ጥብስ ነው፣ በሎሚና በሚጥሚጣ፤ ዋጋው ግን ከሐይቁ የተጠመደ ሳይሆን ከባሕር ማዶ የመጣ ያስመስለዋል። እጄን ጠርጌ አስተያየት መሰብሰብ ጀመርኩ።

አንዲት ዓሣ ነጋዴ ሁለቱን ክንዶቿን አጣምራ ሽንት ቤቱን አየችው። «እህቴ፣ ሽንት ቤትን ኸቤት አርቁ እያሉ ስንት ዓመት አስተማሩን። እሺ ብለን አራቅን። እናንተ ደግሞ ትራስጌ አመጣችሁት።» ይህን ስጽፍ ሰይድ በትከሻዬ ላይ አንብቦ «ይሄን እንኳ ተይው» አለኝ። አልተውኩትም።

ከሐይቁ ዳር ገዳም የመጡ አንድ መሪጌታ መስኮቱን፣ መጋረጃውን፣ ጣሪያውን አደነቁና «በሩ ወደ የት ይዞራል?» ብለው ጠየቁ። ሰይድ እንዳቆሙት ነው አለ። «እንዳቆሙትማ ቤት አይሆንም፤ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ሊጸልይ ምሥራቁን ሊፈልግ ነው?» አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ ሐጂ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር። ቂብላው በየመንገዱ ሊለዋወጥ?» ሁለቱ ተስማሙ። ተስማምተውም አልቀሩ፣ አምባሰል በምን አኳኋን ብትቆም ለሁለቱም እንደምትመች ሲነጋገሩ ሻያቸው ተደገመ።

አንድ የባጃጅ ሾፌር አርዲቦን ባጃጄ ትጎትታለች ብሎ ተወራረደ። ሰኩለት። ነዳው። አርዲቦ ንቅንቅ አላለችም፤ የባጃጁ የፊት ጎማ ግን ከመሬት ተነሥቶ ሾፌሩን ሰማይ አሳየው። የባዛሩ ሰው ሁሉ ለዚያ አጨበጨበ፤ ለካራቫን የተጨበጨበው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ገበሬ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «የዚህ ቤት ቅሬው የት ነው?» አለ። ቅሬ በኛ በወሎ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል መንደሩ የሚቀባበርበት፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝንበት ማኅበር ነው። «ዛሬ እዚህ፣ ነገ ወዲያ የሚሄድ ቤት ውስጥ ሰው ቢሞት ማን ይቀብረዋል?» ሰይድ ሽንት ቤቱን በየት በኩል እንደሚያደርገው፣ ውኃው በምን እንደሚወጣ፣ ሁሉን አስቦበታል። ይህን አላሰበበትም።

አመሻሹ ላይ ዘሀራ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ሰይድ የካራቫኗ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። አንድም ሰው ዋጋ አልጠየቀም። ልክ በዚያን ጊዜ እትዬ ፋጤ ዘንቢላቸውን ሊወስዱ ብቅ አሉ። መታገሥ አልቻልኩም።

«እትዬ ፋጤ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋጋውን የሚጠይቅ እንዴት ይጠፋል?»

«የምኑን ዋጋ?»

«የቤቱን ነዋ።»

«ሊሸጠው ነው ወይ?»

«አዎ እንጂ። ለሱ ብሎ አይደል የመጣ?»

እትዬ ፋጤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰይድን አዩት። ዘሀራን አዩአት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዘንቢላቸውን ትተው በፍጥነት ሄዱ። እኔ ሞኟ፣ ገዢ ሊያመጡልን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እሁድ ጠዋት፣ ሐይቅ ከተማ

አርዲቦ ውስጥ አደርኩ። ለሁለት ሰው ናት ይላል ሰይድ፤ ሁለት ሰው ሲል እግር እንዳላቸው ዘንግቷል። ወገቤን ይዤ ስወጣ ከካራቫኑ ፊት ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል። አያ እንድሪስ ከፊት ናቸው። ከኋላቸው አንድ ሙክት በግ፣ አንድ ከረጢት ጤፍ፣ በቅል የተያዘ ማር።

«ሰይድ ልጄ፣ ሰምተናል» አሉ።

«ምን ሰማችሁ አባቴ?»

«ቤትህን ልትሸጥ እንደሆነ። አብሽር። እኛ እያለን ቤትህን አትሸጥም።»

ሰይድ ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ ሐይቁ ዞርኩ።

«አባቴ፣ እኔ ምንም አልቸገረኝም።»

አያ እንድሪስ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ነገርኳችሁ። ጨዋ ነው፤ ቸግሮኛል አይልም።»

«ወላሂ የምሸጠው ወድጄ ነው። ደስ ብሎኝ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ሐዘኑ ልቡን ነክቶት ፊቱን አዞረ።

«እዩ፣ ይቺ ብቻ አይደለችም እኮ» አለ ሰይድ፣ ነገሩን ሊያስረዳ። «እነዚያም ሁለቱ የኔ ናቸው። እነሱንም ልሸጣቸው ነው።»

«ሦስቱንም?» አለ አንደኛው ቀስ ብሎ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ።»

እትዬ ፋጤ ዘሀራን አቅፈው «አንቺ ልጅ፣ ይህን ችለሽ ነው ትናንት ስታስተናግጂን የዋልሽው?» ይሏታል። ዘሀራ ፊቷን ወደ ካራቫኗ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብለው አጥብቀው ያዟት። እኔ በጎን በኩል ስለነበርኩ አየኋት፤ እየሳቀች ነው። ከኮምቦልቻ ከተነሣን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ገና ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የነአያ እንድሪስ ቅሬ በሙሉ ውጫሌ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ሰይድ ከነቤቱ ሄዶ መመረቅ አለበት። ባዛሩ ደግሞ የሚያልቀው ዛሬ ነው። ከደሴ መኪና ያላቸው ሰዎች ዓሣ ሊበሉ የሚመጡት እሁድ ነው፤ ሰይድ ሳምንቱን ሙሉ ተስፋ ያደረገው እነሱን ነው። እዚህ ከቀረ ምናልባት አንድ ትእዛዝ ያገኛል። ከሄደ ሰኞ በር ነው።

ሰይድ ዘሀራን አያት። ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ጠርጋለች።

«ሽማግሌ ደጅህ ቆሞ እምቢ ልትል ነው?» አለችው።

ይማም መኪናውን አስነሣ። አርዲቦና ሐይቅን ፍራሽ ሻጩ እንዲጠብቃቸው ትተን አምባሰልን ወደ አምባሰል ይዘን ወጣን።

ወደ ውጫሌ

መንገዱ ይጠማዘዛል። ሽማግሌዎቹ ካራቫኗ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ተሳቢ ውስጥ ሰው መጫን ክልክል ነው ብዬ ብከራከር የሚሰማኝ ጠፋ። በጉም አብሯቸው ነው። በየመታጠፊያው ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ መኪናው ይታወቀዋል። ዳገት ላይ እኛ ጎተትናት፤ ቁልቁለት ላይ እሷ ገፋችን። ይማም ቁልቁለቱ ላይ ባቲ ይዘፍናል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ ጠፋ። ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ዱዓ አድርጉ» አለ በመጨረሻ። ከኋላ ያሉት ቀድመውናል፤ ዱዓው እስከ ጋቢናው ይሰማል።

የአምባሰል ገደል በስተግራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስሙን ተውሰን ለላሜራ ሳጥን ማውጣታችን ትንሽ አሳፈረኝ።

እሁድ ከሰዓት፣ ውጫሌ

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ካራቫኗ ስትታይ ባጃጆች ጥሩምባ ነፉ። በላን። ሥጋው የበሰለበት ድስት አንድ ሰው ገብቶ ሊታጠብበት ይችላል። ሰይድ ግን ዓይኑ ድስቱ ጆሮ ላይ ነው፤ ተጣሟል። አግዳሚ ወንበሮቹን አየ፤ እግራቸው ወላልቋል። የብርጭቆ ሣጥኑን ከፍቶ አየ፤ ግማሹ ስብርባሪ ነው።

«ይሄን ሁሉ በምን አመጣችሁት?» አለ።

«በትከሻና በአህያ ነው እንጂ» አሉት አያ እንድሪስ። «የቅሬው ዕቃ ነው። ሐዘን የገባበት መንደር ሁሉ እንሸከመዋለን። ኸአንዱ ተራራ ወደ አንዱ። ሌላው ትልቅ ድስት ክረምት ላይ ገደል ገባ፤ አህያዪቱም አብራ ልትገባ ለጥቂት ነው።»

ዱዓው ሊጀመር ሰው ሁሉ እጁን ሲዘረጋ ሰይድ ተነሣ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። እኔ ይህ ልጅ ምን ሊል ነው አልኩ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። እኔ ችግረኛ አይደለሁም። ይህ የምኖርበት ቤት አይደለም። አናጺ አልጋ ሠርቶ እንደሚሸጠው፣ እኔም ይህን ሠርቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ያልኖርኩበትን ቤት መርቃችሁልኛል፤ በጉንም ጤፉንም ማሩንም መልሼ አምጥቼዋለሁ። ምርቃቱ ግን ሐራም እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።»

የእትዬ ፋጤ ፊት ቀላ። ይህ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ፣ በግ ገዝቶ፣ ድንኳን ተሸክሞ ነው የመጣው።

«ታዲያ የምትሸጠው ኸሆነ» አሉ አያ እንድሪስ፣ «ያን ሁሉ ሰው ሻይ እያጠጣህ ለምን ተቀበልክ?»

«ግቡ ስል ገቡ። ተቀመጡ። ውጡ እንዴት ልበላቸው?»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ፋጤ ናቸው። ከዚያ ጎናቸው ያለችው። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። አያ እንድሪስ ሊቆጡ ሞክረው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሰይድ ቆሟል፤ ይሳቁብኝ ይሳቁልኝ አልገባውም።

ሳቁ ሲበርድ አያ እንድሪስ ተነሥተው ካራቫኗን ዞሯት። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ጎማውን ረገጡ። ሌሎቹን ጠሩ፣ ተንሾካሾኩ።

«አልጋው ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«ያ… ሽንት ቤቱስ?»

«እሱም ይወጣል አባቴ።»

«በሱ ፈንታ ለድስት መደርደሪያ፣ ለብርጭቆ ሣጥን፣ ለድንኳኑ ቋሚ እንጨት የሚሆን ቦታ ማድረግ ይቻላል? መኪና የማይደርስበት ላይስ በበሬ ብንጎትተው?»

ሰይድ መልስ ከመስጠቱ በፊት ኪሱን ዳብሶ ሜትር አወጣ። የድስቱን ወርድ ለካ። የወንበሮቹን ርዝመት ለካ። መጎተቻውን ለበሬ ቀንበር እንዲመች እንዴት አድርጎ እንደሚያጥፈው መሬት ላይ በጣቱ ሣለላቸው። ድምፁ ተለወጠ። ሐይቅ ዳር ስለሚዝናና ሰው ሲያወራ እንዲህ ሲፈጥን ሰምቼው አላውቅም።

አያ እንድሪስ ቀና አሉ።

«ስንት ነው?»

ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቃት ቃል ናት። ሰይድ አፉን ከፈተ። አያ እንድሪስን አየ፣ እትዬ ፋጤን አየ፣ የበላበትን ትሪ አየ፣ በጉን አየ። ፊቱ ላይ ሊመጣ ያለውን ነገር አወቅኩት፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ቤታቸው በልቶ፣ ምርቃታቸውን ተቀብሎ፣ እንዴት አድርጎ ዋጋ ይጥራባቸው?

«ለናንተማ…» አለ። «እናንተ እኮ ለኔ… እኔ ለናንተ ጀባ ልላችሁ እንጂ…»

አበቃ አልኩ። በነጻ ሊሰጣቸው ነው። ሰኞ የዘሀራ ወንድም ጋ ነው።

ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። የቅዳሜ ገበያ ድምፅዋን አውጥታ ዋጋውን ጠራችው፤ እስከ መጨረሻዋ ብር፣ አንዴም ሳትደናቀፍ።

ሰይድ ዞሮ አያት። ዋጋውን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ለኔ እንኳ ሊነግረኝ እምቢ ብሏል።

«ውድ ነው» አሉ አያ እንድሪስ።

«ውድ ነው አባቴ» አለች። «ብረቱ ወፍራም ነው። ብየዳውን ደግሞ እዩት፤ ኸዚህ እስከ ኮምቦልቻ እንዲህ የሚበይድ ሰው ካለ አምጡና ለሱ እዘዙት። ሐዘንተኛ እየጠበቀ መንገድ ላይ የሚቀር ዕቃ አንሰጣችሁም።»

ክርክሩ ያን ጊዜ ተጀመረ። ሰዉ ሁሉ ፊቱ ፈካ፤ ከትናንት ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለበት ያወቀው አሁን ነው። አያ እንድሪስ ያወርዳሉ፣ ዘሀራ ትመልሳለች፣ እትዬ ፋጤ አንዴ ለባላቸው አንዴ ለዘሀራ ያግዛሉ። መጨረሻ ላይ፣ ሰይድ አምባሰልን ወስዶ ለቅሬው አስተካክሎ ሊያስረክብ፣ እጅ ለእጅ ተመታቱ። በጉን እንመልስ ብንል የተመረቀ አይመለስም ብለው ተቆጡን።

እሁድ ምሽት፣ ኮምቦልቻ

ሐይቅ ከተማ ላይ ሁለቱን ካራቫኖች ይዘው የሚመጡትን ሰዎች አነጋግረን፣ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ገባን። ይማም በመጨረሻ ባቲን ዘፈነ። በጉ ከኋላ አምባሰል ውስጥ አልጋው ላይ ተኝቶ መጣ፤ እሱም ምቾቱን የወደደው ይመስለኛል።

በሩ ላይ ስንወርድ ሰይድ መንገዱን ሙሉ የያዘውን ጥያቄ አወጣው።

«ዘሀራ፣ ዋጋውን በምን አወቅሽው?»

ዘሀራ የሽንኩርቱን ከረጢት አስታቀፈችውና ቁልፏን ከጉያዋ እየፈለገች መለሰችለት።

«ጧት ጧት መስታወት ፊት ቆመህ ስትለማመደው ተኝታለች ብለህ ነው? አንተ ስትደናቀፍ እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ እጨርስልህ ነበር።»